የመሪ ዘይት የሚያፈስ አሮጌ ኮሮላ፦ ራኩ ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። ጠያቂው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ይነዳሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው (ራክ የሚሉት የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል ነው፤ ሲል ደግሞ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው)፦ «በሹፌሩ በኩል፣ ከፊት ጎማው ጀርባ፣ ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል። በየሳምንቱ የመሪ ዘይት እጨምራለሁ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መሪው ያጉረመርማል። አንዱ መካኒክ ‹ራኩ በሙሉ ይቀየር› አለኝ። ሌላው ‹ሲሉ ብቻ ተቀይሮ ይድናል› አለ። ሦስተኛው ፍሳሽ የሚያቆም ፈሳሽ እንድጨምር መከረኝ። ‹የፍሬን ዘይት ጠብ አድርግበት› ያለኝም አለ። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፤ ለፋሲካ ደግሞ ወልዲያ መሄድ አለብኝ። ማንን ልስማ?»

ጋሼ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ መኪና የመሪ ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይስተካከላል። ከአራቱ ምክሮች አንዱን ግን ዛሬውኑ ይጣሉት፤ የፍሬን ዘይቱን። የመሪው ሲሎች የተሠሩት ከማዕድን ዘይት ጋር ተስማምቶ ከሚኖር ጎማ ነው። የፍሬን ዘይት ሲያገኛቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ቅርጻቸውንም ያጣሉ። ያበጠ ሲል ለጥቂት ቀን ቀዳዳውን ሞልቶ ፍሳሹን ያስታግስ ይሆናል፤ «ለኔ ሠርቷል» የሚሉ ሰዎች የሚያዩት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ግን የራኩ ሲል ብቻ ሳይሆን የፖምፓው ሲልም፣ ቱቦዎቹም አብረው ይበላሻሉ፤ በአንድ ክፍል ላይ የነበረው ችግር ወደ ሁሉም ይዛመታል። ምናልባት ቀድመው ጨምረው ከሆነ ለሚሠራልዎት መካኒክ በግልጽ ይንገሩት፤ ምንም ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ዘይቱ በሙሉ ወጥቶ መሥመሩ መታጠብ ይኖርበታል።

የቀሩት ሦስት ምክሮች እያንዳንዳቸው ትክክል የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። የትኛው ለእርስዎ መኪና እንደሚሆን መወሰን የሚቻለው ግን ዘይቱ ከየት እንደሚነሳ ከታወቀ በኋላ ነው። ከጻፉት እንደማየው እስካሁን ማንም አጥቦ አላየውም። ራክ ውድ ዕቃ ነው፤ ማውረዱም ቀላል ሥራ አይደለም። ሳይታጠብና ሳይታይ «ይቀየር» የሚል ፍርድ መስጠት በባለቤቱ ገንዘብ መገመት ነው። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው፣ ራኩ ተቀይሮ ዘይቱ ግን እንደበፊቱ ሲንጠባጠብ፣ በመጨረሻም ጥፋቱ የአንዲት ላላ ያለች የቱቦ ማጥበቂያ ሆኖ ሲገኝ ስላየሁ ነው።

አሠራሩን በትንሹ ላስረዳ፤ የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። የእርስዎ መኪና መሪ በዘይት ግፊት የሚታገዝ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ፖምፓውን ያዞራል። ፖምፓው ከማጠራቀሚያው ዘይት እየሳበ በወፍራሙ የግፊት ቱቦ ወደ ራኩ ይልካል። መሪውን ሲያዞሩ ከመሪው ዘንግ ግርጌ ያለው ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱን በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ራኩ ግራ ወይም ቀኝ ክፍል ይመራዋል። ራኩ ውስጥ ያለው ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ ፒስተን አለው፤ ዘይቱ ያንን ፒስተን ሲገፋ ጎማዎቹ ይዞራሉ። ሥራውን የጨረሰው ዘይት በመመለሻው ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ዘንጉ በሁለቱም በኩል ከራኩ ቤት ወጥቶ ጎማዎቹን ከሚገፉትና ከሚስቡት ዘንጎች፣ ከታይሮዶቹ ጋር ይገናኛል፤ መውጫዎቹን ከውጭ የተሸበሸበ የጎማ ሽፋን ይሸፍናቸዋል።

ግፊቱ ቀላል አይደለም። መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥቂት ባር ብቻ ነው። እስከ ጫፍ ሲጠመዘዝ ግን፣ እንደ መኪናው ዓይነት፣ ከ60 እስከ 100 ባር ይደርሳል። የጎማዎ አየር 2 ባር ተኩል እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሜዳውን ሲነዱ ምንም ያላፈሰሰ መኪና ደሴ ፒያሳ ላይ መሪውን አጠማዞ ሲቆም፣ ወይም በሐረጎ ጥምዝ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ቢያፈስ አይግረምዎት። ሲሉ የሚፈተነው መሪው ሲዞር ነው።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ዲናሞው በፕላስቲክ ይሸፈንና ከማጠራቀሚያው ጀምሮ እስከ ራኩ ድረስ ያለው መሥመር ሁሉ በሳሙና ውሃ፣ የጠነከረው ደግሞ በዘይት ማስለቀቂያ በደንብ ይታጠብ። ከመታጠቡ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። በእኛ አገር አቧራ ዘይት የነካውን ቦታ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ያደርገዋል። አዲስ ዘይት ሳያቋርጥ የሚወርድበት ቦታ ላይ ግን አቧራው መቀመጥ አይችልም። ሁሉም ጠቁሮ አንድ ቦታ ብቻ እርጥብና ንጹሕ ሆኖ ከታየ ምንጩ እዚያው ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ነው።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የሕፃን ፓውደር በስሱ ይበተንበት። ማጠራቀሚያው እስከ ልኩ ይሞላ፤ ሞተሩ ይነሣ። አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙረው፣ ሌላው በመብራት ከላይ ወደ ታች ይመልከት። መሪውን ጫፍ ላይ ይዞ መቆየት ግን አይገባም፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከተያዘ ዘይቱም ፖምፓውም በከንቱ ይግላሉ። ፓውደሩ ላይ መጀመሪያ ቀይ ነጥብ የሚወጣበትን ቦታ ያያሉ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ የፍሳሹ ቦታ ላይሆን ይችላል። ከላይ መጀመር ያለብን ለዚህ ነው።

ቀይ ዘይት ሁሉ የመሪ ዘይት እንዳልሆነም ያስታውሱ። መኪናዎ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው የካምቢዮው ዘይትም ቀይ ነው። የእርስዎ ማጠራቀሚያ በየሳምንቱ የሚጎድል ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ መሪው ያዘነብላል፤ ቢሆንም የካምቢዮውን ልክም አንዴ ይዩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ላንሣ። ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚወርደው ቱቦና የመመለሻው ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት ያለባቸው ተራ ጎማዎች ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ከሞተር ሙቀት ጋር ሲኖሩ ይደርቃሉ፤ ማጥበቂያዎቹም ይላላሉ። ከላይ የሚወርደው ዘይት የራኩን ቤት ተከትሎ ይሄድና ልክ ከጎማው ጀርባ ይንጠባጠባል፤ ያየ ሁሉ «ራክ ነው» ይላል። የግፊቱ ቱቦ ደግሞ ጎማው ከብረቱ ጋር በተጨፈለቀበት አንገት ላይ ያልባል። ቱቦው ከፖምፓው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ከላይና ከታች ሮንዴላዎች አሉት፤ እነዚያ ሮንዴላዎች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ መተካት አለባቸው፣ አሮጌውን መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ፍሳሽ ያስከትላል። የፖምፓው ዘንግ ሲል ከተበላ ደግሞ ዘይቱ ከፑሊው ጀርባ እየወጣ ቺንጋውን ያረጥበዋል፣ ቺንጋውም ይጮኻል።

የጠዋቱ ማጉረምረምም በራሱ ራኩን አይከስም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በብርድ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፖምፓው ድምፅ ቢያሰማ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከሞቀ በኋላም የሚያጉረመርም ከሆነ ግን የማጠራቀሚያውን ክዳን ይክፈቱና ዘይቱን ይዩት። አረፋ ከያዘ ወይም እንደ ነጣ ከሆነ አየር ገብቶበታል። አየር የሚገባው የዘይቱ ልክ ሲወርድ ነው፣ ወይም የመሳቢያው ቱቦ ማጥበቂያ ሲላላ። መሳቢያው ቱቦ ላይ ያለ ክፍተት አየር እየሳበ ዘይት ግን እምብዛም ላያፈስ ይችላል፤ ይህ ብዙ መካኒክ ያሳስታል። መፍትሔው አንድ ቁራጭ ቱቦና ሁለት ማጥበቂያ ነው።

ዝቅተኛ ግፊት ያለበትን ቱቦ ዘይት በሚቋቋም ጎማ መተካት ይቻላል። የግፊቱን ቱቦ ግን በማንኛውም ጎማና በማጥበቂያ ለማሰር አይሞከር፤ ያ ሁሉ ባር በአንድ ጥምዝ ላይ ይነቅለዋል። የተነቀለ ቱቦ የሚረጨው ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ካገኘ እሳት ይነሣል። ዋናው ቱቦ ካልተገኘ ለሎደርና ለኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጫፉን በማሽን ጨፍልቀው በልኩ ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደረቅ ከሆነ ወደ ራኩ እንግባ። የጎማ ሽፋኑን ማጥበቂያ ፈትተው ወደ ጎን ይሳቡት። ውስጡ ትንሽ ግሪስ መኖሩ ያለ ነው፤ የታይሮዱ መገጣጠሚያ ግሪስ አለውና። ዘይት ከፈሰሰ ወይም ሽፋኑ ሲጨመቅ ቀይ ዘይት ከተንቦጨቦጨ ግን ሲሉ አልፏል፤ ክርክሩም አበቃ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በብዙ መኪኖች ላይ ግራና ቀኝ ሽፋኖቹን የሚያገናኝ ቀጭን የአየር ቱቦ ስላለ የአንዱ ጎን ዘይት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ሁለቱንም ይክፈቷቸው፤ አጥበው አድርቀው መሪውን ካዞሩ በኋላ የትኛው ቀድሞ እንደረጠበ ይዩ።

የትኛው ጎን መሆኑ ለምን አስፈለገ? የእኛ መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ ፒኞኑ (ከመሪው ዘንግ ግርጌ ሆኖ የራኩን ዘንግ በጥርሶቹ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ጥርሳም ማርሽ) እና ቫልቩ ያሉት በሹፌሩ በኩል ነው። በተሳፋሪው በኩል ያለው የዘንግ ሲል ከራኩ ቤት ጫፍ ላይ ስለሆነ ለመድረስ ይቀላል። በሹፌሩ በኩል ያለው ግን በቤቱ ውስጥ ጠልቆ፣ ከዘንጉ ጥርሶች ቀጥሎ ነው የተቀመጠው። እሱን ለማውጣት ራኩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፤ ከውስጥ በረጅም መሣሪያ ነው የሚገፋው። የእርስዎ ጠብታ በሹፌሩ በኩል ስለሆነ፣ ራኩ ሆኖ ከተገኘ አስቸጋሪውን ሲል ነው የያዝነው። ሦስተኛም ቦታ አለ፦ የፒኞኑ የላይኛው ሲል። እሱ ሲያልፍ ዘይቱ ከመሪው ዘንግ ግርጌ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ወደ ሹፌሩ እግር በኩል ይዘልቃል። እሱን በአንዳንድ መኪና ላይ ራኩን ሳያወርዱ መቀየር ይቻላል። ቫልቩን ከራኩ ጋር የሚያገናኙት የብረት ቱቦዎች አንገትም መታየት አለበት፤ ዝገት ይበሳቸዋል።

አሁን ውሳኔው የሚወሰንበት ነጥብ ላይ ደረስን፤ እሱም የራኩ ዘንግ ነው። ሽፋኑ እንደተከፈተ መሪውን አዙረው ዘንጉ በተቻለ መጠን ወደ ውጭ ይውጣ። በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። በብርሃን ይታይ፤ ከዚያ ጥፍርዎን በርዝመቱ ይሳቡበት። ለስላሳና አብረቅራቂ ከሆነ፣ ጥፍርም የትም ካልያዘ፣ የደከመው ሲሉ ብቻ ነው። ሁለተኛው መካኒክ ልክ ነው፤ ሲሉ ተቀይሮ ይድናል። የዝገት ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ ግን አዲስ ሲል መግጠም ማለት በሻካራ ድንጋይ ላይ ነጠላ እንደመጎተት ነው፤ ጥቂት ሳምንት ይይዝና እንደገና ይበላል። ያኔ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ይሆናል።

ዘንጉን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የተቀደደ ሽፋን ነው። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ በዚያች ቀዳዳ ይገባሉ፤ ዘንጉ ይዝጋል፤ አሸዋው ከሲሉ ከንፈር ሥር ይገባና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሽፋኑ ርካሽ ዕቃ ነው። ዛሬ የእርስዎ ዘንግ ደህና ሆኖ ሽፋኑ ግን ተቀዶ ከተገኘ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይቀየር።

ዘንጉን ወደ ቶርኖ ቤት ወስደው «አስላጩት» የሚሉም አሉ። ላዩ ላይ ያለ ቀላል እድፍ በጣም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሊጸዳ ይችላል። ጉድጓዱ እስኪጠፋ ከተላጨ ግን ዘንጉ ይቀጥናል፤ ሲሉ ደግሞ ለተወሰነ ውፍረት የተሠራ ስለሆነ አይጨብጠውም። ይህን አልመክርም።

ሲል የሚቀየር ከሆነ መካኒኩን መጠየቅ ያለብዎት ነገር አለ፤ ይህንንም ስል የማንንም ሙያ ለመናቅ አይደለም። የሲል ስብስቡ በሻንሲ ቁጥሩ መሠረት ይገዛ፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ኮሮላዎች የተለያየ ራክ ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ሲል ብቻ ሳይሆን ሙሉው ስብስብ ይቀየር፤ አድካሚው ሥራ ማውረዱና መፍታቱ ነው፣ ሲሎቹ ከዚያ አንጻር ትንሽ ናቸው። ዘንጉ ተመልሶ ሲገባ ጥርሶቹ አዲሱን ሲል እንዳይቆርጡት በቀጭን ላስቲክ መጠቅለል አለባቸው። «አዲስ ሲል ገጥሜ በማግስቱ አፈሰሰ» የሚባለው ታሪክ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ዘንጉን ከፒኞኑ ጋር የሚያጣብቀው የማስተካከያ ብሎን ከመፈታቱ በፊት የነበረበት ቦታ ምልክት ይደረግበት። ከልክ በላይ ከጠበቀ መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሐል አልመለስ ይላል፤ ከላላ ደግሞ ይንገጫገጫል። ቦታው ንጹሕ ይሁን፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የቫልቩን ቀለበት ለመቧጨር ትበቃለች።

ዘንጉ ተበልቶ ከሆነ ያገለገለ ራክ መፈለግ ሊኖርብዎት ነው። አዲስ ኦሪጂናል ለዚህ ዕድሜ ላለ መኪና ማግኘትም መግዛትም ይከብዳል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ ያገለገለ ይገኛል፤ ነገር ግን ደሴ ተቀምጠው በስልክ አዝዘው፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ከመጣ በኋላ የማይሆን ሆኖ እንዳያገኙት ይጠንቀቁ። ዋናው ወጥመድ ይህ ነው፦ ከጃፓን አገር ውስጥ መኪኖች የተፈቱ ራኮች የቀኝ መሪ ናቸው፤ ፒኞናቸው በተቃራኒው ጎን ስለሆነ ለእኛ መኪና አይገቡም። የድሮውን ራክ ፎቶ ፒኞኑ ያለበት ጎን እንዲታይ አድርገው ለሻጩ ይላኩ። ሲደርስ ሁለቱንም ሽፋን ከፍተው ዘንጉን በጥፍር ይፈትሹ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር መሐሉ ላይ ላላ ወይም ገተር እንዳይል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት ጥቁርና ብረት ብረት የሚል እንዳይሆን። ያገለገለ ራክ ከተገጠመም በኋላ ሊያፈስ ስለሚችል «ካፈሰሰ እመልሳለሁ» የሚለውን ስምምነት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጨርሱ። ሽፋኖቹንና የቱቦ ሮንዴላዎቹን ደግሞ በአዲስ ይተኩ።

ፍሳሽ የሚያቆመው ፈሳሽስ? ሥራው የደረቀ ጎማ ማለስለስና ትንሽ ማሳበጥ ነው። ዘንጉ ንጹሕ፣ ፍሳሹም ገና ማልበት ላይ ያለ ከሆነ ጊዜ ሊገዛ ይችላል። የተቀደደ ሲል አይሰፋም፤ የተበላ ዘንግም አይሞላም። በየሳምንቱ ለሚጨመርበት መኪና ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ገንዘብ ለሽፋንና ለማጥበቂያ ያድርጉት።

እስኪሠራ ድረስ እንዴት ይንዱ? ማጠራቀሚያው ከላይኛው ምልክት ወደ ታችኛው ለመውረድ ሳምንት ከፈጀ፣ ጠዋት ጠዋት እያዩና እየሞሉ በከተማ ውስጥና እስከ ኮምቦልቻ መሄድ ይችላሉ። በአንድ ቀን ከወረደ አይንዱት። ዘይቱ በጭስ ማውጫው ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ቆሞ ሳለ የማቃጠል ሽታና ጭስ ካለ፣ አንድም ኪሎ ሜትር አይንዱት። የሚጨመረው ዘይት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው፤ በዚያ ዘመን ኮሮላዎች ላይ ቀዩ ኤቲኤፍ፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚለው ነው። አንድ ሊትር መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ከሁሉ የሚከፋው ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ፖምፓው ደረቁን ሲዞር ነው፤ ፖምፓው የሚፍቀው ብረት ከዘይቱ ጋር ዞሮ ቫልቩን ይገድለዋል፤ ያኔ የሲል ሥራ የነበረው የፖምፓም የራክም ሥራ ይሆናል።

የሐረጎን ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚወርዱ፣ እንዲያውም ሞተር የሚያጠፉ ሹፌሮች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይቆማል፣ መሪው በድንገት ይከብዳል። የፍሬኑም እገዛ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። መሪው በሚያፈስ መኪና ቀርቶ በደህናውም ይህ አይደረግም። በማርሽ፣ ሞተሩ እየሠራ ይውረዱ። ድንገት ዘይቱ አልቆ መሪው ቢከብድ መሪው ከጎማው ጋር ያለው የብረት ግንኙነት አልተቋረጠም፤ ይታዘዛል፣ ጉልበት ግን ይፈልጋል። በሁለት እጅ ይያዙት፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ እስኪያገኙ ቀስ ይበሉ። «ቺንጋውን አውልቀህ ንዳው» የሚለውን ምክር በሜዳ ላይ፣ እስከ ቅርብ ጋራዥ፣ ያ ቺንጋ ዲናሞውን ወይም የውሃ ፖምፓውን የማያዞር ከሆነ ብቻ እቀበለዋለሁ። በሐረጎ ላይ አይሆንም።

ወልዲያን በተመለከተ፦ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ ሄዶ መመለስ ነው። ከበዓሉ በፊት ፍለጋውን ያሠሩ። ቱቦ ወይም ማጥበቂያ ከሆነ በአንድ ቀን አልቆ በሰላም ይሄዳሉ። ራክ ሆኖ ከተገኘና ጊዜው ካጠረ በሚኒባስ ይሂዱ፤ ለበዓሉ ተብሎ ተጣድፎ የተሠራ ራክ አልወድም።

ሲሠራ የሚረሱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ራኩ ከመውረዱ በፊት መሪው ቀጥ ብሎ እንዳይዞር ይታሰር፤ የአየር ከረጢት ያለው ከሆነ መሪው ብቻውን ቢሽከረከር ከሥሩ ያለው ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል። የመሪው ዘንግ ከፒኞኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ምልክት ይደረግበት፤ እዚያ ያለችው ብሎን ሲያልቅ በደንብ መጥበቋን እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ ይዩ። እሷ ከወለቀች መሪ የሚባል ነገር የለም። ታይሮዶቹ ሲፈቱ ዙሮቹ ይቆጠሩ።

ዘይት ሲሞላ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡ። ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ደጋግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይዙር፣ ልኩ ሲወርድ ይሞላ። አረፋው ካለቀ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሣው፤ ከዚያም እንደገና ይዞራል። የወጣው አሮጌ ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ፤ የደሴ ቦይ ቦርከና ነው የሚገባው፣ ያ ውሃ ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ ከብትና አትክልት ይደርሳል።

በመጨረሻ አላይመንት ያስለኩ፤ ያለዚያ አዲስ ጎማ በወራት ውስጥ በአንድ ጎኑ ያልቃል። ከተሠራ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ማጠራቀሚያውን «ሙቅ» በሚለው ምልክት በኩል ይዩት፤ ማታ ደግሞ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ዘንጉን አይተው መወሰን ካቃተዎት ከጠረጉት በኋላ በቀን ብርሃን አቅርበው ፎቶ ያንሡትና ይላኩልኝ፤ ሲል ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን አይቼ እነግርዎታለሁ።